ጨርቆቹ የተደበቁ ዕለት

«ለሚጣ ቢሮ ሊሰጣት ነው አሉ። ለብቻዋ።»

እማማ ክዳን ይህን ወሬ ሰኞ ሲያመጡት ቢሮ ብቻ ነበር። ማክሰኞ መስኮት ተጨመረለት፤ ረቡዕ መስኮቱ መጋረጃ አወጣ፤ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ መጋረጃው አበባ ያለበት መሆኑ ታወቀ። እማማ ክዳን በዚህ የጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ የጠርሙስ ክዳን ሲለቅሙ ያረጁ ሴትዮ ናቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቅ የለም። እጃቸው ቀዩን ክዳን ከቢጫው ሲለይ ምላሳቸውም ሥራ አይፈታም። ወሬውን ለሁሉም እኩል ያድሉታል፤ ዓይናቸው ግን ጥግ ላይ ቆማ ጋዋኗን በምትቆልፈው በአንዷ ላይ ነው፤ ሚጣ የእሷ ታናሽ እህት ናትና።

«አንቺ ታላቂቱ፣ ሰምተሻል አይደል? እንኳን ደስ ያለሽ ነው እንግዲህ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ እማማ» አለች፤ ቁልፉን ከማይሆነው ቀዳዳ ውስጥ እያስገባች። «መስኮቱን የምወለውለው እኔ ነኝ። ሲቆሽሽ ይጥሩኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ቁልፉን ፈትታ እንደገና ከላይ ጀመረች።

እዚህ ቀለሟ ነው የሚሏት፤ ስሙን ያወጡላት ጣቶቿን አይተው ነው። የምትሠራው በቀን ማተሚያዋ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ተሞልቶና ተከድኖ ሲያልፍ አንገቱ ላይ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን በጥቁር ቀለም ተፍ ተፍ በምታደርገው ማሽን ላይ። ማሽኗ አርጅታለች። ጠዋት ጠዋት ቀለሙ አፏ ላይ ደርቆ ያድርና አንዱን ቁጥር ትውጠዋለች፣ ሲላት ስምንቱን ሦስት አድርጋ ትተፋዋለች። ቀን ያልተጻፈበት ጭማቂ ደግሞ ከቆሻሻ ውሃ አይሻልም፤ ባለ ሱቅ አይረከበውም፣ ተቆጣጣሪ ካየው መኪና ሙሉውን ያስመልሰዋል። ቀለሟ የማሽኗን አፍ በማቅጠኛ ፈሳሽ እያጠበች፣ እየተለማመጠች፣ ሲብስም እየሰደበች ታሠራታለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከማሽኗ ጋር የመጣውን ወፍራም መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያፋጠጠች፣ የገጹን ዳር ዳር በእርሳስ እየሞላች፣ ለብቻዋ ተወጥታዋለች። ኩራቷ ይኸው ነው። ሌላ የምትኮራበት ነገር ቢኖራት ኖሮ ምናልባት በአንድ ቢሮ ወሬ እንዲህ አንጀቷ ባላረረ።

ነገሩ ግን ቢሮው አይደለም። ፋብሪካው ሁለተኛ መስመር ሊከፍት ነው፤ ለአዲሱም ለአሮጌውም መስመር የሚሆን የቀን ማተሚያ ይገዛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሻጮች መጥተው ሁለት ዓይነት ማሽን ያሳያሉ፣ አንዱ ይመረጣል። መራጯ ሚጣ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ «የጥራት ባለሙያ» ተብላ ከተቀጠረች ገና ጥቂት ወራት የሆናት፣ የማተሚያዋን ሽፋን አንድ ቀን እንኳ ከፍታ የማታውቀው ሚጣ። ሹመቱን የሰጣት ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የእናታቸው ታናሽ ወንድም፣ ሁለቱም ጋሼ የሚሉት ሰው ነው። ቀለሟ ጋሼ «ማሽኑን አንቺ ምረጪ» ይለኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እንዲህ ያለውን ሕልም ተኝታም አታልመውም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እንዲላት። ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ መልሱን ስታሰናዳ ነው የሰነበተችው። ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትለማመደው ነበር፤ የትኛው ማሽን እንደሚያዋጣ፣ ለምን እንደሚያዋጣ፣ የቱ ላይ ድምፅዋን ዝቅ እንደምታደርግ ሳይቀር።

ግድግዳው የሁለቱም ነው። እህትማማቾቹ የሚኖሩት ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስታወት፣ አንዷ ስትከፍተው ሌላዋ መንገድ መልቀቅ ያለባት አንድ ቁም ሣጥን። ዛሬ ጠዋት ሚጣ ጋሼ የገዛላትን ግራጫ ኮት ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። ኮቱ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰፋላት ቁጭ ብሏል። ቀለሟ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ከሥር አየቻት፤ ጠርዙን አየች፣ ወገቡን አየች፣ ኪሱ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ክር ሳይቀር አየች። «ያምርብኛል፣ እታለም?» አለች ሚጣ። «ኮቱ ያምራል» አለች ቀለሟ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የሻይ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ መሆን ከጀመሩ ቆይተዋል። አንዷ ቀድማ ትወጣለች፣ ሌላዋ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ አስመስላ ትዘገያለች፤ አንድ ቦታ የሚሄዱ እህትማማቾች በሁለት አውቶቡስ ይሄዳሉ።

ጋሼ ወደ መስመሩ የወረደው ገና ሥራ ሲጀመር ነበር። ሁልጊዜ ሲፈራ እንደሚያደርገው ይቀልዳል፣ እጁን ያፋትጋል። ቀለሟ ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብላ አፏን ስታጥብ አጠገቧ ቆመና አንገቱን አሰገገ።

«እንዴት ነች አሮጊትሽ?»

«አለች። ትንፋሿ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው።»

«ያን መጽሐፏን ለሚጣ ላኪላት። ለማነጻጸር ትፈልገዋለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ደግሞ ጨርቅ እንዳታሳዩኝ። ሽማግሌው ይመጣሉ።»

ሽማግሌው የሚባሉት የፋብሪካው ባለ ድርሻ ናቸው። ብዙ አይመጡም፣ ሲመጡም ብዙ አይናገሩም፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ግን ፋብሪካው አንድ ትልቅ ዕቃ አይገዛም። ጨርቁ ደግሞ የቤቱ ገመና ነው። ጭማቂው የሚሞላው በትኩሱ ስለሆነ ጠርሙሱ ከተከደነ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ እየወረደበት ያልፋል፤ እየተንጠባጠበም ወደ ማተሚያዋ ይመጣል። ድሮ በመካከሉ አየር የሚነፋ ማድረቂያ ነበር። ተቃጠለ። እስኪሠራ ድረስ ተብሎ ሁለት ሴቶች ጨርቅ ይዘው ቆሙ፤ የጠርሙሱን አንገት እየያዙ ይጠርጋሉ። ማድረቂያው አልተሠራም፤ ሴቶቹ ግን እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ አንዷ እዚያው ቆማ አርግዛ፣ ወልዳ፣ ተመልሳ እዚያው ቆማለች። ቢጠርጉትም ጠርሙሱ አይደርቅም፤ ያልባል። እርጥበቱን በስቶ የሚይዘው የዚያች የአሮጊቷ ማሽን የሚከረፋ ቀለም ብቻ ነው፣ እሱም ሲፈልግ። እንግዳ ሲመጣ ታዲያ፣ ያልታጠበ ልብስ አልጋ ሥር እንደሚወረወረው፣ ጨርቆቹና ሴቶቹ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይሰወራሉ፤ መስመሩ «ለጽዳት» ይቆማል፤ እንግዳው ከመጋዘን የወጣ ደረቅ ጠርሙስ ያያል። በዚሁ መንገድ የሌብል ሙጫ ሻጩ ደረቅ ጠርሙስ አይቶ ሙጫ ሸጠ፤ ሌብሉ ሱቅ ሳይደርስ መኪና ውስጥ ተላጠ። ሙጫው ተሰደበ፣ ሻጩ ተሰደበ፣ ሹፌሩ ሳይቀር ተሰደበ። ጨርቁን ያነሳ አልነበረም። ተደብቆ የኖረ ነገር መኖሩም ይረሳል።

በሻይ ሰዓት ቀለሟ መመሪያውን ይዛ ከካርቶን ክምሩ ኋላ ገባች። ገለጠችው። ዳር ዳሩ ላይ የእሷ እርሳስ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፦ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ ይህ መብራት ሲበራ በእውነት ምን እንደሚፈልግ፣ መጽሐፉ «ቴክኒሻን ይጥሩ» የሚልበት ቦታ ላይ ያለ ቴክኒሻን እንዴት እንደሚወጡት። አንድ ገጽ ላይ፣ ቀለም ስለሚይዝባቸው ነገሮች በሚያወራው ላይ፣ «የኛ ጠርሙስ እርጥብ ነው!!» ብላ በሁለት ቃለ አጋኖ ጽፋለች። ሚጣ ይህን ስታነብ፣ ከዚያም በዚያ ኮት ሆና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ ከራሷ እንዳገኘችው አድርጋ ለሽማግሌው ስትናገረው ታያት። ከጋዋኗ ኪስ ላጲስ አወጣች። ሌሎቹ ሻያቸውን እየጠጡ ስለ ቢሮው መጋረጃ ሲጫወቱ እሷ ከኋላ ገጽ በገጽ አጠፋች፤ ጉልበቷ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ተከመረ። ሲያልቅ መጽሐፉን አራግፋ፣ ንጹሕ አድርጋ፣ እንደ ተገዛ አድርጋ ላከችላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰኞ ወዲህ ቀለል አላት።

ምሳ ላይ ሚጣ ወደ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ መጣች። የቢሮ ሰዎች የሚቀመጡት ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ከዚያ ተነስታ፣ ሳህኗን ይዛ፣ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታላቅ እህቷ ፊት ለፊት ስትቀመጥ የሴቶቹ ጨዋታ ቀጥ አለ። ኮቱን አውልቃ ክንዷ ላይ ጥላዋለች። ድንቹን በሹካዋ ከወዲህ ወዲያ ታንከባልላለች እንጂ አልጎረሰችም። ከንፈሯ ደርቋል። ሌላ ሴት ብትሆን ቀለሟ «አመመሽ እንዴ?» ትላት ነበር።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነበር።»

«እዚህ? ቢሮሽ ውስጥ አይሻልም? መስኮት አለው ሲሉ ሰማሁ።»

እማማ ክዳን ከጠረጴዛው ጫፍ ሳል ያዛቸው። ሚጣ ቀላች።

«ቢሮ የለኝም እኮ። ማን ነው ያለሽ?»

«አይዞሽ፣ ይሰጥሻል። መጋረጃው ተሰፍቶ አልቋል።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ሚጣ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደፊት ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ለአንዷ ብቻ አሳንሳ፣ «ስለ ማሽኑ ነው። ትንሽ ወደ ውጭ ብንወጣ…» አለች። ቀለሟ ይህን «ወደ ውጭ» ስትሰማ ደሟ ፈላ። ገባኝ አለች በልቧ፤ ከሰው ፊት እሷ ባለሙያ፣ ከበር ኋላ እኔ መምህር። መልሱን ከእኔ አፍ ወስዳ ሄዳ በራሷ አፍ ልትጎርሰው። ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እመቤት? እኔ ቀለም ነኝ። ቀለም ይጨመራል እንጂ ማሽን ይመርጣል እንዴ?» አለች፤ ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «ኮሌጅ ድረስ ሄደሽ የተማርሽውን እኛ ዳቦ በእጃችን ይዘን እንንገርሽ?»

አንዷ «ኧረ ተይ» አለች፤ ሌሎቹ ግን ሳቁ።  ሚጣ ኮቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች፤ ያልተነካ ምግቧን ትታ ሄደች። «በኩራት ሆዷ ሞልቶ ነው» አሉ እማማ ክዳን፤ ድንቹን ወደ ራሳቸው ሳህን እየገለበጡ።

ከሰዓት በኋላ መስመሩ ቆመ። ጨርቆቹ ሄዱ፤ ሴቶቹም ሄዱ። ወለሉ ታጠበ፤ ጋሼ ራሱ አንዲት የወደቀች ክዳን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ቀለሟ ከመጋዘን ደረቅ ጠርሙሶች በሳጥን አምጥታ ቀበቶው ላይ ደረደረቻቸው። ማንም ሳያዛት አንድ በአንድ በጋዋኗ ጫፍ ወለወለቻቸው፤ አቧራ እንኳ እንዳይኖርባቸው፣ እንዲያበሩ። እንዲህ የደረቀ ጠርሙስ ያ መስመር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ፤ ሚጣና ጋሼ በግራና በቀኝ። ትንሿ ማሽን ቀበቶው አጠገብ ተሰክታ ትጠብቅ ነበር፤ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማትበልጥ፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ሻጩ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ፣ ፀጉሩን በጎን የከፈለ ወጣት ነው። ሚጣን «ኢንጂነር» እያለ ነው የሚጠራት። «አዩት ኢንጂነር፣ ሽታ የለ፣ ማቅጠኛ የለ፣ ማጠብ የለ። ቀለሙ ሲያልቅ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው።» «ኢንጂነር» የምትለው ቃል በተነሳች ቁጥር ቀለሟን ጎኗ ላይ ትወጋታለች። ቀበቶው ተንቀሳቀሰ። ትንሿ ማሽን በደረቁ ጠርሙስ ላይ ቀኑን ጻፈች፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ከመጽሐፍ ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስል። ቀለሟ ሳትወድ አማራት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ስምንት አስጽፋ አታውቅም።

ትልቁን ማሽን ሁለት ተሸካሚዎች እየገፉ አስገቡት። ቁመቱ የልጅ ቁመት ያህላል፤ የቀለም ማስለቀቂያ ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ሽማግሌው መሐረባቸውን አወጡ። ሻጩ ወፍራም፣ አንገቱ በላብ የራሰ፣ ዕቃውን ማሞገስ የማያውቅበት ሰውዬ ነው። «ይኼ አያምርም» አለ ሲጀምር፤ ጋሼ ሳቀ። «ቀለሙ ውስጥ ለውስጥ ሁልጊዜ ይዞራል፣ አይደርቅም። ጠረኑ ይከብዳል፤ ማቅጠኛ ይፈልጋል፤ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ግን ያተመው አይለቅም።» ዋጋውን ሲናገር ጋሼ ፉጨት የመሰለ ነገር አወጣ። ማሽኑ ቀኑን ጻፈ፤ ፊደሉ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነው፣ ከትንሿ አጠገብ ሲያዩት ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። ሰውዬው ግን በፊደሉ አልተጨነቀም። ጠርሙሱን አነሳ፣ አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ቀና ብሎም ውሃው ወደሚወርድበት ወደ ቆመው የማቀዝቀዣ ሳጥን ተመለከተ።

«መስመሩ ሲሠራ ጠርሙሱ እዚህ የሚደርሰው ደርቆ ነው ወይስ እርጥብ?»

 እማማ ክዳን እንኳ ክዳናቸውን ማንሳት አቆሙ። ሁሉም ያውቃል፤ የመስመሩ ሱፐርቫይዘር ያውቃል፣ ጋሼ ያውቃል፣ ከግድግዳው ማዶ ጨርቃቸውን ታቅፈው የተቀመጡት ሴቶች ያውቃሉ።

«ደረቅ ነው እንጂ» አለ ጋሼ፤ እጁን እያፋተገ። «እኛ ጋ ከጭማቂው በቀር ሁሉም ነገር ደረቅ ነው።»

ተሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። «ደረቅ ከሆነማ ትንሿም ትበቃችኋለች» አለና ጠርሙሱን መለሰ። «እርጥብ ከሆነ ነበር እኔን የምትፈልጉኝ።»

ሽማግሌው መሐረባቸውን አጠፉ። ወደ ሚጣ ሳይሆን፣ ወደ ጋሼም ሳይሆን፣ ከአሮጌዋ ማሽን ጎን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ወደ ቆመችው ሴት ዞሩ።

«ልጄ፣ ማተሚያው ላይ የምትሠሪው አንቺ ነሽ አይደል? አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የጓጓችለት ጥያቄ ይኸው መጣ። ሰው ፊት ነው፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ግን የመጣው ከማይሆን አፍ ነው፤ ጋሼ ጫማውን እያየ ነው። ቀለሟ የሽማግሌው ጥያቄ ሀብታም ሰው ዘበኛውን «ልጆችህ ደህና ናቸው?» እንደሚለው ያለ መሰላት። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ቀና ብላ ልትጀምርም አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ሚጣን አየቻት። ሚጣ መዝገቧን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ በዚያ ኮት ውስጥ ቆማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታያታለች። ፈራች፣ አለች ቀለሟ በልቧ፤ እንዳላዋርዳት ፈራች። እናም አሰላችው። አሁን ብናገር ስህተቱ ይታረማል፣ ትልቁ ይገዛል፣ «ሚጣ የመረጠችው ማሽን» ተብሎ ይቀራል። ዝም ብል ግን መስመሩ ሲነሳ ጠርሙሱ እየተንጠባጠበ ይመጣል፤ ያ የሚያምረው ስምንት ተዝረክርኮ ይወርዳል፤ መኪናው ይመለሳል። ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚያውቅ ይለያል። ያን ጊዜ ጋሼ ራሱ ወርዶ ይጠይቀኛል። በመካከሉ ማታ ድረስ ካርቶን ከፍታ ጠርሙስ የምትጠርገው፣ በባለ ሱቅ የምትሰደበው ቀለሟ ራሷ መሆኗ አልጠፋትም። ይሁን፣ አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባባ? ሁለቱም ይጽፋሉ» አለች። «የተማረ ሰው አለ፣ እሱ ይምረጥ።»

ሚጣ ዓይኗን ሰበረች። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ፤ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁና «መልካም» አሉ። ሚጣ ተጠየቀች። ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ «ትንሿ ጥሩ ናት» አለች። ሽማግሌው እዚያው የካርቶን ክምር ላይ አስደግፈው ፈረሙ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ። ወፍራሙ ሰውዬ ማሽኑን እያስገፋ ሲወጣ በቀለሟ አጠገብ አለፈ፤ የጠቆሩ ጣቶቿን አየና ሊናገር ያለ ነገር መሰለ፣ ግን አልተናገረም።

ወደ ቤት የገባችው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በመንገድ ላይ ዳቦ ገዛች፣ ሳይቸግራት ሙዝም ገዛች፤ ድግስ እንዳለው ሰው ሆና ነበር። የልብስ ሰፊው መኪና ከግድግዳው ማዶ ይንቀጠቀጣል። ሚጣ ቀድማ ገብታለች። ጫማዋን እንዳደረገች አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣራውን ታያለች፤ ግራጫው ኮት ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀለሟ ኮቱን ተራመደችው፤ አልረገጠችውም፣ አላነሳችውምም። ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዝም ልትል አስባ ነበር። ሳምንት ልትጠብቅ፣ ነገሩ ራሱ እንዲናገርላት። ግን ያሸነፈ ሰው ማሸነፉን የሚነግረው ሰው ሲያጣ ያፍነዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ኢንጂነር።»

ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ደረቅ ጠርሙስ ላይ ማን የማይጽፍ አለ? እኔም በጥፍሬ እጽፋለሁ። መስመሩ ሲሠራ ሄደሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጠርሙሱ እኮ እርጥብ ነው። ሁልጊዜም እርጥብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ነው የምንደብቀው። ያቺ የመረጥሻት ሙሽራ ሳምንት አትቆይም፤ ጽሑፏ እንደ ኩል ነው የሚወርደው።» ሙዝ ልጣ ጎረሰች። «አውቅ ነበር። ሽማግሌው ሲጠይቁኝ ምላሴ ላይ ነበር። ዝም አልኩ።»

ሚጣ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ታላቅ እህቷን አየቻት፤ ንዴት ቢሆን ቀለሟ ታውቅበት ነበር፣ ይህ ግን ንዴት አይደለም።

«ስለ ጠርሙሱ አላወቅሁም» አለች። «እኔ የማውቀው ማሽኑ ከተገዛ መቆየቱን ነው።»

«የቱ ማሽን?»

«ትንሿ። የጋሼ ሚስት ወንድም ነው ያመጣት፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ከጋሼ ተቀብሏል። ሽማግሌው ሁለት ሻጭ ሳይወዳደር አልፈርምም ስላሉ ነው ዛሬ የተሰበሰብነው። ጋሼ ትንሿ ናት በይ፣ ካላልሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ አለኝ። ምሳ ላይ ልነግርሽ ነበር።»

የልብስ ሰፊው መኪና ቆመ። ቀለሟ የያዘችውን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ለሽማግሌው አትነግሪያቸውም ነበር?»

«ምን ብዬ? የማሽኗ ጉድለት ምን እንደሆነ አላውቅ። አጎቴ ነው፣ ሌባ ነው ልበል?» ሚጣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «ከመኪናቸው ሲወርዱ ሮጬ ተቀበልኳቸው። ማተሚያውን የምታውቀው ታላቅ እህቴ ናት፣ እሷን በሰው ፊት ሳይጠይቁ እንዳይፈርሙ አልኳቸው።»